ሳይሞት የሚቀበር ኮምፒውተር

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፤ ሌላ ቀን ይምጡ።»

ይህን ቃል ያልሰማ ባለጉዳይ በአገራችን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ላይ ሲባል ባለጉዳዩ ተነጫንጮ ታክሲውን ይይዛል። አዲ አርቃይ ላይ ሲባል ግን ዋጋው ሌላ ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ፣ የእርሻ ቀኑን አቃጥሎ፣ ዘመድ ቤት አድሮ የመጣ ገበሬ ነው ባዶ እጁን የሚመለሰው። በሌላ ቀን ሲመጣ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ቃል ሊጠብቀው ይችላል፦ «ፎርማት ተደርጎ መረጃው ጠፍቷል፤ እንደ አዲስ ይመዝገቡ።»

ሰው የሚያማርረው በመጀመሪያው ቃል ነው። ሊቆጣ የሚገባው ግን በሁለተኛው ነው። ኮምፒውተር ይበላሻል፤ በየትም አገር ይበላሻል። መረጃ የሚጠፋው ግን ብዙ ጊዜ በብልሽቱ ሳይሆን ለብልሽቱ በሚሰጠው መድኃኒት ነው። ዲስኩ ደህና ሆኖ፣ በውስጡ ያለው ፋይል አንድም ሳይነካ፣ «አልነሳም አለ» ተብሎ ብቻ ከነነፍሱ የሚቀበር ኮምፒውተር አለ። የቀባሪው ስም «ፎርማት» ይባላል።

▪️ አስተርጓሚው ሲወድቅ

ነገሩን ለመረዳት የኮምፒውተር ምሩቅ መሆን አያስፈልግም። ፍርድ ቤትን ማሰብ ይበቃል። ዳኛው የሚናገረው አንድ ቋንቋ ነው፣ ምስክሩ የሚናገረው ሌላ። መሀላቸው አስተርጓሚ ይቆማል። በኮምፒውተር ውስጥ ዳኛው ዊንዶውስ ነው፤ ምስክሩ መረጃውን የያዘው ዲስክ ነው። በመሀል ዲስኩን የሚቆጣጠር «ኮንትሮለር» የሚባል ክፍል አለ። ዊንዶውስ ከኮንትሮለሩ ጋር እንዲግባባ የሚያደርገው ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ «ድራይቨር» ይባላል። ቃሉን ሲሰማ ሹፌር የሚመጣበት አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሥራው ግን የአስተርጓሚ ነው።

አስተርጓሚው ችሎት መሀል ራሱን ስቶ ቢወድቅ ችሎቱ ይቆማል። ዳኛው ጤነኛ ነው፣ ምስክሩም ጤነኛ ነው፤ የጠፋው መግባባት ነው። በዚህ ጊዜ «ምስክሩ ሞቷል» ብሎ መዝገብ የሚዘጋ ዳኛ የለም። የዲስክ ድራይቨር ተበላሽቶ ወይም ተሳስቶ ኮምፒውተሩ ሲወድቅ የሚደረገው ግን ልክ ይኸው ነው። «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» ይባልና መዝገቡ ይዘጋል።

የሚገርመው ኮምፒውተሩ ሲወድቅ ዝም ብሎ አለመውደቁ ነው። ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል፤ በቅርቦቹ ዊንዶውስ 11 ላይ ደግሞ ጥቁር ሆኗል። በዚያ ስክሪን ላይ የስህተቱ ኮድ ይጻፋል፤ አንዳንዴም የጥፋተኛው ፋይል ስም ተጽፎ ይገኛል። ዲስኩ ላይ መጻፍ ከቻለ ደግሞ «ሚኒደምፕ» የሚባል ትንሽ ፋይል ትቶ ነው የሚወድቀው። አውሮፕላን ሲከሰከስ የሚፈለገው ጥቁር ሳጥን ማለት ነው። ይህን ፋይል ከፍቶ የትኛው ድራይቨር እንደወደቀ የሚናገር ነፃ ፕሮግራም ሞልቷል።

ከኮዶቹ አንዱ «7ቢ» ይባላል። የእንግሊዝኛ ስሙ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ነው። ወደ ተራ አማርኛ ሲመለስ «የምነሳበትን ዲስክ ልደርስበት አልቻልኩም» እንደ ማለት ነው። «ዲስኩ ሞቷል» አላለም፤ «ልደርስበት አልቻልኩም» ነው ያለው። በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ወረዳ የዓመታት መረጃ ሊሆን ይችላል።

▪️ አንዲት ክብ ባትሪ

«7ቢ» ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት አገር የተለመደ ነው። በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አለች። ማሽኑ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱንና መሠረታዊ ቅንብሩን የምትጠብቀው እሷ ናት። ዓመታት ሲያልፉ ትደክማለች። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ሲከፈት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ይገኛል፣ ወይም «ኤፍ 1 ይጫኑ» የሚል መልእክት ይመጣል። ሠራተኛው ኤፍ 1 እየተጫነ ወራት ያሳልፋል።

አንድ ቀን መብራት ይጠፋል። ሲመለስ ማሽኑ ቅንብሩን ሁሉ ረስቶ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ይመለሳል። ከቅንብሩ አንዱ ዊንዶውስ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው። ለምሳሌ ብዙዎቹ የዴል ማሽኖች ከፋብሪካ የሚወጡት «ሬይድ» በሚባለው መንገድ ተቀናብረው ነው። ዊንዶውስ የጫነው ባለሙያ በዚህ መንገድ ዲስኩ አልታይ ሲለው «ኤኤችሲአይ» ወደሚባለው ይቀይረዋል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ባትሪዋ ስትሞት ቅንብሩ ወደ «ሬይድ» ይመለሳል። ዊንዶውስ ደግሞ ለዚያ መንገድ የሚሆን አስተርጓሚ ይዞ አይነሳም። ስለዚህ «7ቢ» ብሎ ይወድቃል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ባዮስ ውስጥ ገብቶ ያቺን አንዲት ቅንብር ወደነበረችበት መመለስና ባትሪዋን መቀየር ነው። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ባትሪዋም ከሰዓት ሠሪ ሱቅ የምትገኝ ዓይነት ናት። ይህን ያላወቀ ወይም ለማወቅ ጊዜ ያልተሰጠው ባለሙያ ግን ፍላሹን ሰክቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጭናል። ማሽኑ ይነሳል። አለቃው ያመሰግነዋል። ያለፉት ዓመታት ሰነዶች ግን አብረው አልተነሱም።

▪️ ሰርቨር ሲሆን

ነገሩ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሰርቨር ሲያድግ ጉዳቱም ያድጋል። ሰርቨሮች ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ አጣምረው ይሠራሉ። «ሬይድ» የሚባለው ይህ ነው፤ ሐሳቡን በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጽሑፍ ያቀረቡት የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌሎቹ ሥራውን ይቀጥላሉ። ጥሩ ፈጠራ ነው። ግን ብዙ የቢሮ ኃላፊዎችን ያሳሳተ ፈጠራም ነው፤ «ዲስኩ ድርብ ስለሆነ ባክአፕ አያስፈልገንም» አስብሏቸዋል።

ሬይድ የሚጠብቀው ከዲስክ ሞት ነው። ከተሳሳተ ድራይቨር፣ ከተሳሳተ ትእዛዝ፣ ከሌባና ከእሳት አይጠብቅም። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ለደንበኞቹ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ይህን በደንብ ያሳያል። አንዳንድ የሰርቨር ዲስኮቹ በውስጣቸው ባለው ሶፍትዌር ስህተት ምክንያት ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ፣ ማለትም በ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ ከነመረጃቸው እስከ ወዲያኛው እንደሚሞቱ ተናገረ። አብረው የተገዙና አብረው የተከፈቱ ዲስኮች ሰዓታቸው አንድ ነው። ስለዚህ አራቱም በአንድ ቀን ይሞታሉ፤ ድርብነቱ አያድናቸውም። ያዳናቸው ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ማስተካከያውን አስቀድሞ የጫነ ሰው ብቻ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሰርቨሩ ተበላሽቶ ዲስኮቹ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወሩ በዴል ሰርቨሮች ላይ ያለው ኮንትሮለር «ፎሪን ኮንፊግሬሽን አገኘሁ» ይላል። «የማላውቀው አደረጃጀት ያላቸው ዲስኮች መጡብኝ፤ ልቀበላቸው ወይስ አደረጃጀታቸውን ልሰርዘው?» ማለቱ ነው። መቀበልን የመረጠ ብዙ ጊዜ መረጃውን ባለበት ያገኘዋል። መሰረዝን የመረጠ ባለሙያ ግን የወረዳውን ማኅደር በአንድ ቁልፍ ሊያሰናብት ይችላል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ መልስ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሥራ አስኪያጅ ቆሞ «አለቀ ወይ?» የሚለው ሰው ነው።

▪️ ትልልቆቹም ይወድቃሉ

እንዲህ ያለው ብልሽት የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንዲት የተሳሳተች ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ፋይሏን የሚያነበው ድራይቨር ከዊንዶውስ እምብርት አጠገብ የሚሠራ ነበርና ማሽኖቹን ይዞ ወደቀ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተመቱ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመለሱ። ኩባንያው ፋይሏን ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቢመልሳትም አስቀድመው የወደቁት ማሽኖች በአብዛኛው አንድ በአንድ በሰው እጅ መነሳት ነበረባቸው።

ልብ በሉ፤ ያን ቀን ዓለም ኮምፒውተሮቹን ፎርማት አላደረገም። ባለሙያዎች ማሽኖቹን በ«ሴፍ ሞድ» አስነስተው ያቺን አንዲት ፋይል አጠፉ። ይህን ለማድረግ መጀመሪያ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መታወቅ ነበረበት። ምርመራ ከመድኃኒት ቀድሟል።

የቅርቡንም እናንሳ። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተናግቶ ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ከመደበኛ ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር እንደተያያዘ አስታወቀ። ጉዳዩ ከዲስክ ድራይቨር ጋር አይገናኝም። የሚያገናኘው ሌላ ነገር ነው፤ ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደተወሰደበት ተናግሮ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አብዛኛውን ማስመለስ የቻለው ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደወሰደ የሚናገር መዝገብ በእጁ ስለነበረ ነው። ሲስተሙ ቢሳሳትም መዝገቡ አልጠፋም።

አሁን ይህን ከአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጋር አነጻጽሩት። መዝገቡ ራሱ ፎርማት ከተደረገ የሚመለስ ነገር የለም። ማን ምን እንደነበረው የሚመሰክር የለም። የተጎዳው ሰው «ነበረኝ» ይላል፤ ቢሮው «አይታይም» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር የማስረጃ ሳይሆን የጉልበትና የዘመድ ይሆናል።

▪️ ለምን አዲ አርቃይ?

ይህ ጣጣ በሁሉም ቦታ አለ። ከሊማሊሞ በታች ግን ይከብዳል፤ ለዚህም ሦስት ምክንያት አለው።

አንደኛው መንገዱ ነው። ከአዲ አርቃይ የተበላሸ ማሽን ሁነኛ ባለሙያ ፍለጋ ሲወጣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደባርቅ ይደርሳል። እዚያ ካልሆነ በዳባት በኩል ወደ ጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ጉዞ የሚጠይቅ ምርመራ ባለበት ቦታ፣ እዚያው የሚጠናቀቅ ፎርማት ሁልጊዜ ርካሽ ይመስላል።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። ትክክለኛ ድራይቨር የሚገኘው ከአምራቹ ድረ ገጽ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። መረብ በሌለበት ባለሙያው የሚጭነው ያለውን ነው፤ ያለው ደግሞ ከጓደኛው የተቀዳ፣ ለየትኛው ማሽን እንደተሠራ የማይታወቅ የድራይቨር ጥርቅም ነው። በድራይቨር ዓለም ግን የአንድ ቁጥር ልዩነት ዋጋ አለው። ማይክሮሶፍት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዊንዶውስ 10ን የግንቦት ማሻሻያ ሲያወጣ፣ የኢንቴል የዲስክ ድራይቨር ቁጥሩ በ1053 የሚያልቀውና ከእሱ በፊት የነበሩ በርካታ እትሞች ያሉባቸው ማሽኖች ማሻሻያውን እንዳይጭኑ አግዶ ነበር። 1054 ሲሆን ተፈቀደ።

ሦስተኛው ጦርነቱ ነው። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ አዲ አርቃይን ሲያዳርስ ብዙ ነዋሪ ቤቱን ጥሎ ወደ ደባርቅና ዳባት ተሰዷል። ከቤቱ የሸሸ ሰው ወረቀት አይዝም፤ ልጅ ነው የሚይዘው። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ተመልሶ «ይህ መሬት የእኔ ነው፣ ይህ ልጅ እዚህ ተመዝግቧል፣ ይህን ያህል ዓመት አገልግያለሁ» ለማለት የሚተማመነው ቢሮው ባለው ቅጂ ነው። ያ ቅጂ ያለው አንድ ዲስክ ላይ ከሆነና ዲስኩ በአንዲት ባትሪ ሰበብ ከተጠረገ፣ ጦርነቱ የጀመረውን ፎርማት ጨረሰው ማለት ነው።

▪️ «ምን ያድርግ ባለሙያው?»

ጥፋቱን ሁሉ በወረዳው የአይሲቲ ባለሙያ ላይ መጫን ግፍ ነው። እሱ የሚመዘነው ማሽኑ ስንት ሰዓት ላይ ተነሳ በሚለው እንጂ ምን ተረፈ በሚለው አይደለም። የሚቀዳበት ትርፍ ዲስክ አልተገዛለትም። ከተማ ያለው የጥገና ቤትም ቢሆን የሚከፈለው በፎርማት ነው፤ «ሁለት ሰዓት መርምሬ ቅንብር ብቻ ቀየርኩ» ብሎ ሒሳብ ቢጠይቅ ደንበኛው ይስቅበታል። ምርመራን እንደ ሥራ የማይቆጥር ኅብረተሰብ መርማሪ አያገኝም።

«መረጃው ሁሉ ወደ ማዕከል ሲገባ ችግሩ ይቀራል» የሚሉም አሉ። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025፣ ፋይዳ፣ የመሶብ አንድ ማዕከል አገልግሎት ሁሉም የሚያመሩት ወደዚያ ነው። አቅጣጫው መልካም ነው። ነገር ግን መረቡ ወራት በሚዘጋበት ቦታ ማዕከሉ ያለው ከተራራው ማዶ ነው። እስከዚያው ሥራው የሚሠራው በዚያችው ጠረጴዛ ላይ ባለችው ማሽን ነው።

ጊዜውም አጣዳፊ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ ብዙ ቢሮ ወደ ዊንዶውስ 11 ይዞራል። በአዳዲሶቹ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ሲጫን «ምንም ዲስክ አላገኘሁም» የሚል መልእክት የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱ ያው ነው፤ «ቪኤምዲ» የተባለው የዲስክ መቆጣጠሪያ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨሩ በፍላሽ ከተሰጠው ዲስኩ ይታያል። ይህን ያላወቀ ሰው ግን አዲስ ማሽን «ተበላሽቶ መጣ» ብሎ ይመልሳል፣ ወይም ቅንብሩን ቀይሮ ለሌላ ቀን «7ቢ» ያስቀምጣል።

▪️ ሳይቃጠል በቅጠል

የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። ሥርዓት ነው።

1. የወደቀ ማሽን ስክሪን በስልክ ፎቶ ሳይነሳ ማንም አይንካው። ኮዱ በመዝገብ ይጻፍ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ጭምር።

2. ዲስኩ ተነቅሎ ከሌላ ማሽን ጋር ተገናኝቶ መረጃው ሳይቀዳ ፎርማት አይደረግ። ፎርማት የግድ ከሆነ የቢሮው ኃላፊ ይፈርምበት። ፊርማ ያለበት ነገር አይቸኮልበትም።

3. ቢሮው ላሉት የማሽን ዓይነቶች ሁሉ ትክክለኛው የዲስክ ድራይቨር በአንድ ፍላሽ ተቀድቶ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። የባዮስ ቅንብሩም በወረቀት ተጽፎ ማሽኑ ላይ ይለጠፍ።

4. የሰርቨር ዲስኮች ከመነቀላቸው በፊት በእስክሪብቶ ቁጥር ይጻፍባቸው። በደህና የሚሠራ ሰርቨር ላይ ባክአፕ ሳይያዝ ድራይቨር አይቀየር።

5. ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ ይወሰድ፤ ያም ዲስክ ከዚያው ክፍል ውጭ ይደር።

6. የጨረታ ሰነድ «ኮምፒውተር፣ ብዛት 10» ብሎ አያብቃ። ድራይቨሩ፣ ትርፍ ባትሪው፣ ዩፒኤሱና ለሰርቨር ከሆነ ትርፍ ኮንትሮለሩ አብረው ይጠየቁ።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አጠገብ አለ። የኮምፒውተር ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ወር በየወረዳው ዞረው የወደቁ ማሽኖችን ቢመረምሩ፣ ያገኙትንም ኮድና መፍትሔ በአማርኛ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አድርገው ቢያትሙት፣ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የበለጠ የሚነበብ ሥራ ይሆናል።

ባለጉዳዩም መብት አለው። «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ሲባል «እሺ» ብሎ ከመመለስ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «መረጃው ተቀድቷል ወይ?» መልስ የሌለው ቢሮ ችግሩ የኮምፒውተር አይደለም። ለማሽን ብልሽት ማንም አይከሰስም፤ ሳይመረመር ለጠፋ የሕዝብ መዝገብ ግን ስሙን የሚያስመዘግብ ሰው መኖር አለበት።